ከለቅሶው ምንጣፍ ሥር የቀረ ቤት

ከቀብር ስንመለስ ጓሯችን ተላጭቶ ጠበቀን።

ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ጠዋት ከቤት ስወጣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሣር ነበረበት። በሣሩ መሀል ነጭ አበባ ያለው ማገጥ ነበረበት፤ ቢጫ አበባ ያወጣ ጎመን ነበረበት፤ አጥሩን ተደግፎ የቆመ፣ ስሙን የማላውቀው ወይን ጠጅ አበባ ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ግን አንዱም የለም። መሬቱ እንደ ምልምል ወታደር ጭንቅላት ታጭዶ፣ በላዩ ነጭ ድንኳን ተተክሎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዳር ዳሩን ወንበር ተደርድሮ ነበር። የታጨደ ሣር ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ያ ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወደ ማዶ እሻገራለሁ።

ሰዎቹ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። «አላህ ይስጣቸው፣ እንዴት አድርገው አሳመሩት» አለ አንዱ ከኋላዬ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የእህቴ መቃብር አፈር ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። አሁን ደግሞ ጓሮዋ የለም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሞተችብኝ መሰለኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። እንደዚያ መሰለኝ።

እህቴ ታላቄ ነበረች፤ እታለም ነው የምላት። ከደሴ ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ስንመጣ እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ሃይስኩሉን እዚህ ነው የጨረስኩት። አባታችን እዚህ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ኢስተን የሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበል ነበር። እኔ ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። እማዬ ቤት ናት። ሦስት ነበርን።

የሞተች ቀን ጠዋት ጤነኛ ነበረች። ይሄንን ደጋግሜ የምናገረው ሰው ስለማያምነኝ አይደለም፤ እኔ ስለማላምን ነው። ሻይዋን ጠጣች። የእማዬን ነጠላ ጫማ አድርጋ ጓሮ ወረደች። ተመልሳ መጥታ «ዛሬም አልወጡም» አለችኝ። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ከምሳ በፊት፣ ሥራ ቦታዋ ቆማ ሳለች፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ። ሐኪሙ ያለን ይሄንኑ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ለእረፍት ስወጣ ነው ሚስድ ኮሎቹን ያየሁት። ሁሉም ከእማዬ ናቸው። መልሼ ደወልኩ። የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

«ዛሬም አልወጡም» ያለችው ስለ ንቧ ልጆች ነው። ይሄን ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ በዚያ ድንኳን ውስጥ ያደረግኩትን ማንም አይረዳልኝም።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሰመር ላይ እታለም የተከለችው ቲማቲምና ቃሪያ አበባ አውጥቶ አውጥቶ ፍሬ እምቢ አለ። አበባው ይረግፋል፣ በቃ። ውሃ አነሰው ብላ አጠጣችው፤ አልሆነም። አጥር የምንጋራትን አሜሪካዊት አሮጊት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ቤት የኖረች ናት። «ባምብልቢዎቹ እያለቁ ነው» አለቻት። «የቲማቲምን አበባ አቅፈው የሚያርገፈግፉት እነሱ ናቸው። ማርገፍገፍ ካላገኘ አያፈራም።»

ባምብልቢ እኛ አገር የለችም። ወፍራም ናት፤ ጸጉራም ናት፤ ጥቁርና ቢጫ ናት፤ ስትበር እንደ ሩቅ መኪና ታጉረመርማለች። እማዬ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «ይቺ ደግሞ በሰመር ካፖርት የለበሰች!» አለችና ስሟ በቤታችን ባለካፖርቷ ሆኖ ቀረ። አሮጊቷ ልጅ ሳለች አጥሩ በእነሱ ይጮህ እንደነበር ለእህቴ ነገረቻት። አንደኛዋ ዓይነት ጀርባዋ ላይ እንደ ዝገት ያለ ምልክት ነበራት። እሷን ካየች ስንት ዓመቷ! የት እንደሄደች ስትጠየቅ በእጇ ሰፈሩን አሳየች፤ በየቤቱ ፊት ለፊት አጭር፣ አረንጓዴ፣ አበባ የሌለው፣ መድኃኒት የተረጨበት ሣር። «ምን ትብላ? የት ትደር?» አለች።

እታለም ያንን ይዛ ገባች። ራት ላይ «ሰው እንኳ እንግዳ ሲመጣበት የሚበላና የሚተኛበት ያዘጋጃል» አለች። ከዚያ ወዲህ ጓሯችን ተለወጠ። መድኃኒት ቀረ። በመኸር የወደቀው ቅጠል አይጠረግም፣ ሥሩ ክረምቱን የምትተኛ ንብ ትኖራለች ተባልን። ጎመኑ ክረምቱን አልፎ ጸደይ ላይ ሲያብብ እማዬ «አረጀ እኮ፣ ንቀሉት» ስትል «እማዬ፣ አትንኪው። ለእነሱ ራት ነው» ትላታለች። በሶብላው ሳይቀጠፍ እስኪያብብ ይተዋል። ሣሩን ከፊት ለፊት ታሳጭደዋለች፤ ከተማው በረጅም ሣር ስለሚቀጣ። ከኋላ ግን ማንም አይነካውም።

ከሁሉ የባሰ የሚናደዱት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ዘመዳችን አይደሉም። የመስጊዳችን ሰው ናቸው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቅ እያሉ ያዩናል። ወሎ እያሉ ንብ አናቢ ነበሩ። ጓሮውን ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ይይዛሉ።

«ይሄ ጓሮ ነው ጫካ? ጅብ ሳይወጣብሽ እጨጂው!»

«ጅቡ ሲወጣ መጀመሪያ የምደውለው ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«ደግሞ ንብ አለኝ ትላለች። ማሩ የታለ?»

«ማር አትሰጥም። ለልጆቿ የምታበላውን ብቻ ነው የምትይዘው።»

«እና ምን ትጠቅማለች?»

«እርስዎ ከእኛ ቤት ይዘው የሚሄዱትን ቲማቲም ማን የሚያፈራልዎት ይመስልዎታል?»

ጋሼ ይስቃሉ። ቲማቲሙን ይዘው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ደግሞ ስለ ጅቡ ይጀምራሉ።

በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ አንዲት ትልቅ ባለካፖርት መሬት ለመሬት ዝቅ ብላ ስትዞር እታለም አየቻት። አበባ አትፈልግም። ጉድጓድ ጉድጓዱን ታያለች፤ ገብታ ትወጣለች። «ና፣ ና!» ብላ ጠራችኝ። «ንግሥት ናት። ክረምቱን ብቻዋን ተኝታ ተነሥታ ቤት እየፈለገች ነው።» ቆመን አየናት። «እንደኛ አፓርታማ ፍለጋ ስትዞር» አለች። «ደግነቱ ክሬዲትሽ ስንት ነው የሚላት አከራይ የለም።» ንቧ በመጨረሻ አጥሩ አጠገብ፣ አይጥ ለቃው የሄደች ጉድጓድ ውስጥ፣ ረጅሙ ሣር ሥር ገባች። ወጣች። ፊቷን ወደ ጉድጓዱ አዙራ ወዲህና ወዲያ፣ ወዲህና ወዲያ በረረች። ተመልሳ ገባች። እህቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። እንደዚያ ስትደሰት ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ቆሻሻ ላወጣ ስል እንዳልረግጠው ሰማያዊ ባልዲ አምጥታ ጉድጓዱ አጠገብ ደፋችልኝ። እጀታው የተሰበረ፣ የማንጠቀምበት ባልዲ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ወርዳ ታያለች። አሮጊቷ እንደነገረቻት ንግሥቲቱ ጉድጓድ ውስጥ እንቁላል ጥላ፣ እንደ ዶሮ ታቅፋ፣ ራሷ አበባ ቀስማ ታሳድጋለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ትንንሽ ናቸው። እነሱ ከወጡ ሥራውን ይረከቡና ቤቱ ቤት ይሆናል። እነሱ ሳይወጡ እሷ ከሞተች፣ ወይም መንገዱ ከጠፋባት፣ በቃ። እህቴ የምትጠብቀው እነዚያን ትንንሾቹን ነበር። ዛሬም አልወጡም።

ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ዓይኔ የፈለገው ያንን ባልዲ ነው። የለም። አጥሩ አጠገብ ያለው ቦታ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ላይ ሰው ተቀምጧል።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጋሼ ቀብር አልመጡም ነበር፤ ሰው ሲመለስ የሚቀመጥበትን የሚያዘጋጅ ያስፈልጋል ብለው ቀሩ። ማጨጃ ማሽን ከሰው ተውሰው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከልጆች ጋር ሆነው አጭደውታል። እማዬ ከሴቶች ጋር ውስጥ ሆና የሞተሩን ድምፅ የጎረቤት መስሏት ነበር። አሁን ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ጀለቢያቸው ታችኛው ጠርዝ በሣር አረንጓዴ ሆኗል። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ። ጓሮውንም ሰው በሚያይበት አደረግንላት። የእሷ ለቅሶ ጫካ ውስጥ አይሆንም።»

ደረታቸው ላይ ሆኜ ሲያለቅሱ ተሰማኝ። ምን እላቸዋለሁ? «አላህ ይስጥልን» አልኩ።

ተቀመጥኩ። ዱዓ ተደረገ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። «እንዴት ሆነች?» ይሉኛል። «ጠዋት ደህና ነበረች» እላለሁ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» ይላሉ። ሌላው ይመጣል፤ «እንዴት ሆነች?» ይላል። የማወራው እኔ አልመሰለኝም። ምሳ ተሰጠኝ፤ ሳህኑን ይዤ ቆየሁና ለአጠገቤ ሰው ሰጠሁት።

ከዚያ ያን ማጉረምረም ሰማሁ።

ባለካፖርቷ በድንኳኑ ክፍት ጎን በኩል ገባች። እግሮቿ ላይ ቢጫ ነገር ተሸክማለች፤ ለልጆቿ የቀሰመችው ነው። ዝቅ አለች። በተቀመጡት ሰዎች ጉልበት መሀል ዞረች። ወጣች። ተመልሳ ገባች። ሰው መደንገጥ ጀመረ። አንዱ በኮፍያው አባረራት። አንዱ «ተርብ ናት!» አለ። እሷ ግን አትሄድም። አንድ ቦታ ላይ፣ ከከተማው ዳር፣ ደብሊን ከሚባለው ሰፈር፣ የመጡ አንድ ሰውዬ የተቀመጡበት አካባቢ፣ ምንጣፉን እየነካች ትነሣለች፣ እየነካች ትነሣለች። ሰውየው ከኋላቸው ጫማቸውን አነሡ።

«አትምቷት!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ዱዓ የሚያደርጉት ሰው እንኳ አቆሙ።

«ልጁ ደንግጧል» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«አልተኛም እኮ። ውሃ ስጡት።»

«ውሃ አልፈልግም» አልኩ። ቆሜያለሁ። በሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አላወጣም ነበር። «እዚህ ... ምንጣፉ ሥር ... ቤቷ ነው። ጉድጓድ አለ። የእህቴ ናት። ማለቴ ... እህቴ ነበረች የምትጠብቃት። ልጆች አሏት። ምንጣፉን ብናነሣው።»

ማንም አልተነቃነቀም። ምን እንደጠየቅሁ ራሴም አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የለቅሶ ምንጣፍ እስከ ሦስተኛው ቀን አይነሣም። ማንሣት ማለት ለቅሶው አበቃ፣ ሟቿን ጨረስናት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ወንድሟ ሆኜ፣ አንሡ እላለሁ።

«ወንድሜ፣ ለንብ ብለን?» አሉ ጫማ የያዙት ሰውዬ። ክፉ አልነበሩም። ግራ ገብቷቸው ነው። «ነገ ሌላ ቤት ትሠራለች።»

«አትሠራም» አልኩ። «ልጆቹ እዚህ ናቸው።»

ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ንቧን ነው የሚያዩት። ፊታቸው ተለዋውጧል። እግሯ ላይ ያለውን አይተዋል፤ የተሸከመች ንብ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃሉ።

የተናገረችው እማዬ ናት። ጩኸቴን ሰምታ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። ጓሮውን ከጠዋት ወዲህ ያየችው ገና አሁን ነው። ዓይኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

«ጎመኑስ?» አለች።

ጋሼ አረንጓዴ የሆነውን የጀለቢያቸውን ጠርዝ ሰበሰቡ።

«ባለካፖርቷ ናት?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ልጄ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን አድርጋ ወርዳ የምታያት ናት» አለች ለሰዎቹ። «አንሡላት። ኀጢአቱ በኔ።»

ተነሡ። ያንን አልረሳውም። ያ ሁሉ ሰው፣ ጋቢ የለበሰው፣ ሱፍ የለበሰው፣ የመጋዘን ዩኒፎርሙን ሳይቀይር የመጣው፣ አንድ ላይ ተነሥቶ ወደ ዳር ቆመ። ምንጣፉን እኔና ጋሼ በሁለት ጫፍ ይዘን አጠፍነው።

ሥሩ ገለባና አጭር ሣር ነው። ጉድጓዱን እኔም ላገኘው አልቻልኩም። ንቧም አላገኘችውም። ዞረች። ሄዳ አጥሩን ነካች፤ ተመለሰች። እንደገና። በጣም ሰፊ ዞረችና የሄደች መሰለን፤ ተመለሰች። ቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና ቤቷን አታውቀውም።

«ምልክቷ ጠፍቶባት ነው» አሉ ጋሼ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገሩት። «የእኛም ንብ ቀፎው ከቆመበት ሲነሣ እንዲሁ ናት። ቦታውን ነው የምታውቀው። ምን ነበር እዚህ?»

«ሣር። ረጅም ሣር።»

«ሣሩን አልመልሰውም» አሉ። እንዲህ ሲሉ እጃቸውን አዩ። «ሌላስ?»

«ባልዲ። ሰማያዊ ባልዲ።»

ጋሼ ሳይናገሩ እየሮጡ ሄዱ። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ከፊት ለፊት ያለውን የቆሻሻ በርሜል ገለበጡት፤ የታጨደው ሣር፣ ጎመኑ፣ የሻይ ኩባያው ሁሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ባልዲውን ይዘው መጡ። ጀለቢያቸው እንዳልነበር ሆኗል።

አጥሩ አጠገብ ደፋሁት። ንቧ አየችው፤ ዝቅ አለች፤ ከጎኑ ያለውን መሬት ፈለገች፤ ተነሣች። አልሆነም። ወደ ቀኝ ገፋሁት። አሁንም አልሆነም። የት እንደነበር በየቀኑ ሳየው የኖርኩትን ነገር ማስታወስ አቃተኝ። በየቀኑ ሳያት የኖርኩትን ሰው ደግሞ በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት የለበሰችው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበር አላስታውስም። ይሄ አስደነገጠኝ። ባልዲውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ወደ አጥሩ!» የሚል የእንግሊዝኛ ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ናት። በአጥሩ ላይ አገጯን አስደግፋ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደምታየን አላውቅም። ለእህቴ ለቅሶ ጥቁር ለብሳለች። «ወደኔ! ወደኔ! ቁም። ትንሽ ወደ ዛፉ።»

ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ የእጇን እያዩ «ወደዚህ ነው የምትለው» ይሉኛል። እሷ በእጇ ታሳያለች፣ እሳቸው በእጃቸው ይደግማሉ። ደፋሁት።

ባለካፖርቷ ባልዲውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ወረደች። አጭሩ ሣር ላይ በእግሯ ሄደች፣ ገለባ ሥር ጭንቅላቷን አስገባች፣ ገባች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ጫማ አንሥተው የነበሩት ሰውዬ ከሁሉ ጮክ ብለው ነው ያሉት።

ጋሼ በሆዳቸው ተኙ። ጆሯቸውን ጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ጣሉ። ሽማግሌ ሰው፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት። ብዙ ቆዩ።

«ምን ይላል ጋሼ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ዝም በል።» ከዚያ «አሉ» አሉ። «ውስጥ ነገር አለ። ሥራ ላይ ናቸው።» ተነሡና አፈሩን ሳያራግፉ መሬቱን ዙሪያውን አዩ። ባዶ ነው። «ነገ ሲወጡ ምን ይበላሉ?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ እንጃ። «ያላቸውን ሁሉ ያጨድኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ለቅሶው ቀጠለ። ምንጣፉ አጥሩ ዘንድ ታጥፎ ቀረ፤ ሰው ባልዲውን ከብቦ ተቀመጠ። አዲስ የሚመጣ ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ካለ በኋላ ባልዲውን ያያል። መጠየቅ ያፍራል። ጋሼ ሳይጠየቁ «የልጅቷ ነው። እንዳትነኩት» ይላሉ።

በማግስቱ የሆነውን እስከ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ጋሼ ሌሊቱን ለሰው ሁሉ ደውለዋል። ወደዚህ ቤት የሚመጣ አበባ ይያዝ ብለዋል። ወሎዬ ለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ፣ ሳምቡሳ፣ ውሃ ይዞ ይሄዳል። አበባ ይዞ የሄደ የለም። አንዲት የእማዬ ጓደኛ በሩ ላይ ሆና «ጋሼ፣ ፈረንጅ ሆንን እንዴ? ለሟች አበባ?» ስትል ሰማሁ።

«ለሟች አይደለም። ለንቧ ነው።»

«ለምኗ?»

«ግቢና አስቀምጪው!»

የመጀመሪያው ሰው በፕላስቲክ የተጠቀለለ የተቆረጠ ጽጌረዳ አመጣ። ጋሼ በሩ ላይ መለሱት። «ሥር ያለው! ሥር የሌለውን ምን ላድርገው? ንቧ እዚህ የመጣችው ለፎቶ ነው?» ከደብሊን የመጡት ሰውዬ መኪናቸውን ሙሉ የሸክላ ማሰሮ አበባ ጭነው መጡ። አንዱ ምስኪን የጨርቅ አበባ ይዞ መጥቶ ሰው በለቅሶ ቤት ሳቀ። እማዬም ሳቀች፤ ሳቀችና ደንግጣ አፏን ያዘች። የእማዬ ጓደኛ ማታውን ቤቷ ተመልሳ፣ ለዘር ብላ የተወችውን ያበበ ጎመን ከነአፈሩ ነቅላ በሳፋ አመጣች። ጋሼ ከእጇ ተቀብለው ባልዲው ፊት ለፊት ተከሉት። ከአጥር ማዶ አሮጊቷ በውሃ ጎማዋ አጠጣችው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሄደ። ድንኳኑ ወረደ። ምንጣፉን ጋሼ ተሸክመው ሄዱ። ጓሮው ውስጥ ብቻዬን ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ራሴ ውስጥ ምንም የለም። ሪከንባከር መቼ እንደምመለስ እንኳ አላሰብኩም።

ከገለባው ሥር አንዲት ትንሽ ነገር በእግሯ ወጣች።

ዝንብ መሰለችኝ። ከዚያ ካፖርቷን አየሁት። ጥቁርና ቢጫ ናት፤ ጸጉሯ ገና እርጥብ ይመስላል። ከእናቷ በጣም ታንሳለች። ቆመች። ፊቷን ወደ ጉድጓዱ አዞረች። ወዲህና ወዲያ፣ ወዲህና ወዲያ በረረች፤ ልክ እናቷ ያን ጊዜ እንዳደረገችው። ባልዲውን አየችው። ከዚያ ወደ ጎመኑ ሄዳ ቢጫው አበባ ላይ አረፈች፤ አበባው አልከበዳትም፣ ትንሽ ብቻ ጎንበስ አለ።

ስልኬን አውጥቼ ቪድዮ አነሣሁ። እጄ እንደለመደው ላከው። ከላክሁ በኋላ ነው ለማን እንደላክሁ የገባኝ።

ቤት ውስጥ ስልኳ ድምፅ ሰጠ።

ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ትንሽ ቆይቶ የኩሽናው በር ተከፈተ። እማዬ የእህቴን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋለች። ስክሪኑ ላይ ስሜ አለ፤ ስልኩ ስለተቆለፈ ሌላውን ማየት አትችልም።

«ምን ላክህላት?» አለችኝ።

አልቆጣችኝም። መልሱን ነው የፈለገችው። ጎመኑን አሳየኋት። እማዬ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ትንሿ ንብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ተሻገረች።

«ወጡ?» አለች እማዬ።

«ወጡ።»